ሌዘር ለእናቶቻችን ጉልበት፦ ስንት ጁል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ሊፍት በሌለው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ጉልበት የያዛቸው እናት ደረጃውን ሲወጡ ብረቱን ይዘው ነው። ሲወርዱ ይብሳል፤ ጎናቸውን ሰጥተው አንድ በአንድ ይረግጣሉ። ልጆች «ሌዘር እናሠራላቸው ወይ?» የሚሉት ይህን ሲያዩ ነው።

ይህ ለሕመም የሚበራ አነስተኛ ኃይል ያለው ሌዘር አይቆርጥም፣ አያቃጥልም። የሃንጋሪው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር እ.ኤ.አ. በ1967 በተላጨ የአይጥ ቆዳ ላይ ሲሞክረው ጸጉሩ ቶሎ በቀለ፤ ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሕመምንና እብጠትን ሊያስታግስ ይችላል። የሳሳውን ልም አጥንት ግን መልሶ አያበቅልም፤ ያበቅላል የሚላችሁን አትመኑ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የመጠኑ ጉዳይ ነው። ክኒን ሲታዘዝ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ እንጠይቃለን፤ ሌዘር ሲሆን ዝም። ልኩ ጁል ነው፤ የማሽኑ ኃይል በዋት፣ በቆየበት ሰከንድ ሲባዛ ማለት ነው። 100 ሚሊዋት የሚሰጥ ማሽን አንድ ነጥብ ላይ 40 ሰከንድ ሲቆይ 4 ጁል ይሆናል፤ 50 ሚሊዋት ከሆነ 80 ሰከንድ ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ የሌዘር ሕክምና ማኅበር ለጉልበት በየነጥቡ የሚመክረው፣ የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት ከ780 እስከ 860 ናኖሜትር ለሆነ ሌዘር ቢያንስ 4 ጁል፣ ለ904 ናኖሜትሩ ደግሞ ቢያንስ 1 ጁል ነው። በዚህ ልክ የሰጡ ጥናቶች ሕመሙ ሲቀንስ አይተዋል፤ ከልኩ ያሳነሱት ግን ያን ያህል አላገኙም። ከመጠን ሲያልፍም ጥቅሙ ይወርዳል።

አሰጣጡስ? እናት ይቀመጡ፣ ጉልበታቸው ይታጠፍ፣ ቀሚሱ ይሰብሰብ። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የሕመም ቅባት ካለ ተጠርጎ ይነሣ። ከጉልበቱ ሎሚ ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ ጣት ሲጫን የሚሰረጉድ ቦታ አለ፤ የመገጣጠሚያው መስመር እዚያ ነው። የማሽኑ ጫፍ ሳይጋደም ቀጥ ብሎ ጫን ይበል፤ ሲጫን ደሙ ገለል ስለሚል ብርሃኑ ጠለቅ ብሎ ይገባል። በልብስ ላይ ወይም ከሩቅ እያወዛወዙ ማብራት ገንዘብ መጣል ነው። ማሽንም ያረጃል፤ ኃይሉ በመለኪያ ካልታየ 40 ሰከንዱ 4 ጁል መስጠቱን ማንም አያውቅም።

ብርሃኑ አብዛኛውን ጊዜ ለዓይን አይታይም፤ ስለማይታይም ዓይን ራሱን አይከላከልም። ለዚያው ሌዘር የተሠራ መነጽር ታካሚዋም ባለሙያውም ያድርጉ፤ የፀሐይ መነጽር አይሆንም። ካንሰር ያለበት ቦታ ላይ አይበራም። ስኳር እግራቸውን ያደነዘዘባቸው ሰው ሙቀቱ ላይሰማቸው ስለሚችል አስቀድመው ይናገሩ። ጠይም ቆዳ ብርሃን በብዛት ስለሚውጥ ኃይለኛ ማሽን ቶሎ ያሞቀዋል። ጉልበቱ በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለ ግን ሌዘሩ ይቅርና ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ሕክምናው ለሳምንታት ስለሚመላለስ የታክሲው መንገድም ይታሰብ። ሕመሙ ሲቀል ጡንቻውን ማሠራት ነው፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ዘርግቶ 5 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ። ደረጃው ላይ ደግሞ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው።