በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ የምግብ ማከፋፈያ የሚያድገው እንዴት ነው?

[ምስል፦ የማከፋፈያው በር ከመከፈቱ በፊት የተሰለፉ ሰዎች]

በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ የማኅበረሰብ የምግብ ማከፋፈያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በአንድ ክፍል፣ በጥቂት መደርደሪያዎችና በጥቂት ትጉህ ሰዎች ነው። ጊዜው እየሄደ ሰልፉ ሲረዝም ለሁሉም ቀድሞ የሚታየው መፍትሔ ተጨማሪ ምግብ ማሰባሰብ ነው። ይህ ትክክል የሚሆንበት ወቅት አለ፤ ይሁን እንጂ ሥራውን አንቆ የያዘው ነገር ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ይገኛል። አንዱ ማነቆ ሲፈታ ደግሞ ችግሩ ወደሚቀጥለው የሥራ ክፍል ይዛወራል። በዚህ ቪዲዮ የምንከተለው ይህንኑ ጉዞ ነው።

[ምስል፦ በሱፐርማርኬት የጀርባ በር በኩል ሣጥኖች ሲጫኑ]

የምግብ ምንጩን እናስቀድም። በዓል ሲደርስ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚሰበሰበው የታሸገ ምግብ መጋዘኑን ይሞላል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ የቤተሰቦች ረሃብ ደግሞ የበዓል ቀን አይጠብቅም። ስለዚህ አንድ ማከፋፈያ በእውነት ማደግ የሚጀምረው በየሳምንቱ የሚደርሰው መጠን አስቀድሞ ሊገመት ሲችል ነው። ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ ጆን ቫን ሄንግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ ያቋቋመው ሴንት ሜሪስ የምግብ ባንክ በዓለም የመጀመሪያው የምግብ ባንክ ተብሎ ይታወቃል። መነሻውም መደብሮች ሊጥሉት የነበረውን፣ ነገር ግን ሊበላ የሚችለውን ምግብ በአንድ ቦታ ማከማቸትና ለተለያዩ የእርዳታ ድርጅቶች ማደል ነበር። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው፦ የምግብ ባንኩ በጅምላ ይሰበስባል፣ ትንሹ ማከፋፈያ ከባንኩ ተረክቦ ለቤተሰቦች ያደርሳል።

መደብሮች ግን «የሰጠነው ምግብ ሰው ቢያሳምም ተጠያቂ እንሆናለን» ብለው ይሰጉ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ በቅን ልቦና የሚለግሱትን ከዚህ ተጠያቂነት ጠበቀች፤ ከባድ ቸልተኝነትን ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋትን ግን ሕጉ አይሸፍንም። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው ሱፐርማርኬቶች ያልተሸጠ ምግባቸውን ለመለገስ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ስምምነት እንዲፈራረሙ ደነገገች። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታም ቢሆን ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚረከብ የሚገልጽ አጭር የጽሑፍ ስምምነት የመደብሩን ሥራ አስኪያጅ ስጋት በእጅጉ ያቀላል።

[ምስል፦ የማቀዝቀዣ ቴርሞሜትር]

ከመደብር የሚመጣው ምግብ ግን አብዛኛው አትክልት፣ ወተትና ሥጋ ነው፤ ማነቆውም ወደ ማቀዝቀዣው ይዛወራል። የዓለም የጤና ድርጅት የሚበላሽ ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዲቀመጥ ይመክራል፤ በረዶ የሆነው ደግሞ በተለምዶ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ይቆያል። ማቀዝቀዣ የሚለግስ ሰው ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው የመብራቱን ወጪ የሚሸፍን፣ ማከፋፈያው ዝግ በሆነበት ቀን እየመጣ ሙቀቱን የሚመዘግብ፣ መጠቀሚያ ጊዜው ሊያልቅ የተቃረበውን ወደ ፊት የሚያወጣ ሰው ማግኘት ነው። በእኔ እምነት እነዚህ ሦስቱ ሳይመለሱ ማቀዝቀዣውን መቀበል ስጦታ ሳይሆን ዕዳ መቀበል ነው።

[ምስል፦ ሣጥን የሚያነሡ እጆች]

ወደ ሰው ኃይሉ ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል። ለምሳሌ አንድ ማከፋፈያ በሳምንት ለ40 ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 12 ኪሎ ግራም ይሰጣል እንበል፤ ድምሩ 480 ኪሎ ግራም ይሆናል። ቤተሰቦቹ 120 ሲደርሱ 1,440 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ይህ ምግብ ከመኪና ይወርዳል፣ ይለያል፣ ይደረደራል፣ በመጨረሻም ለተቀባዩ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ቢያንስ አራት ጊዜ ከተነሣ በጎ ፈቃደኞቹ በየሳምንቱ ወደ ስድስት ቶን የሚጠጋ ክብደት ያነሣሉ ማለት ነው። በጅምሩ ወቅት ሁሉም ሁሉን ይሠራ የነበረበት አሠራር እዚህ ላይ ይሰበራል። ተረካቢ፣ ለዪ፣ መዝጋቢና አስተናጋጅ በፈረቃ መመደብ ግድ ይሆናል።

ከጉልበቱ የበለጠ አደገኛው ግን እውቀቱ በአንድ ሰው እጅ መቅረቱ ነው። የበሩ ቁልፍ፣ የለጋሾቹ ስልክ ቁጥር፣ የሹፌሩ ተራ፣ ሁሉም ከአንዲት ብርቱ መሥራች ጋር ከሆነ እርሷ የታመመች ዕለት በሩ አይከፈትም። እንዲህ ያለችው መሥራች አብዛኛውን ጊዜ «እኔው ብሠራው ይቀለኛል» ትላለች፤ ለዛሬው ቀን ልክ ናት። አንድ ገጽ የሥራ መመሪያ መጻፍና ለእያንዳንዱ ኃላፊነት ተተኪ ማሠልጠን ለሥራው ዕድሜ ከአዲስ መኪና ይልቅ ይጠቅማል።

[ምስል፦ መደርደሪያ መካከል ቅርጫት ይዘው የሚመርጡ ቤተሰቦች]

ምግቡና ሰዉ ተሟልቶም ሰልፉ ላያጥር ይችላል። በኒውዮርክ፣ በሃርለም የሚገኝ አንድ የማኅበረሰብ ማዕድ ቤት የቶዮታ ባለሙያዎች በነፃ አማክረውት እራት ለመቀበል ይጠበቅ የነበረውን 90 ደቂቃ ወደ 18 ደቂቃ አወረደው። ከለውጦቹ አንዱ እጅግ ቀላል ነበር፦ ወንበሮች በአሥር በአሥር ተለቀው እስኪሞሉ መጠበቅ ቀርቶ፣ አንድ ወንበር እንደተለቀቀ የሚቀጥለው ሰው እንዲገባ ሆነ።

አስቀድሞ የታሸገ ከረጢት ከማደል ይልቅ ሰዎች ራሳቸው እንዲመርጡ ማድረግም ሥራን የሚያበዛ ይመስላል። ነገር ግን ከረጢት የማሸጉ ድካም ይቀራል፤ ሕመሙ፣ እምነቱ ወይም ልማዱ የማይፈቅድለትን ምግብ ተቀብሎ የሚጥል ሰውም ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ሰው የሚበላውን የመምረጥ ክብሩ ይጠበቅለታል፤ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት በሆነ ነበር።

የሰልፉ ርዝመት ግን የአካባቢውን ችግር አይለካም፤ የሚያሳየው በዚያ ሰዓት መምጣት የቻሉትን ብቻ ነው። ቀን የሚሠራ፣ መራመድ የማይችል ወይም የሚያፍር ሰው ሰልፉ ውስጥ የለም። ስለዚህ መዝገቡ የቤተሰብ ብዛትን፣ ሰው የመጣበትን ሰፈርና ሳያገኝ የተመለሰውን መያዝ አለበት፤ ከዚህ ያለፈ የግል ጥያቄ ግን ችግረኛውን ያርቃል። መዝገቡ ከአንድ ሩቅ ሰፈር የሚመጡት ጥቂቶች መሆናቸውን ካሳየ፣ ሁለተኛ ቤት ከመከራየት በፊት በየሁለት ሳምንቱ በመኪና እየሄዱ በዚያ ሰፈር ለጥቂት ወራት ማከፋፈል ይሻላል። ፈላጊው በዝቶ ከተገኘና ከዚያው ሰፈር ፈረቃ የሚይዙ በጎ ፈቃደኞች ከተነሡ ቅርንጫፉ ይከፈታል፤ መጋዘኑና የለጋሾቹ ስምምነት ግን ከዋናው ማከፋፈያ ጋር አንድ ሆኖ ይቀጥላል።