«ሰፊ ነው፣ አጥብበው» ለተባለ ርዕስ፦ ከሪሰርች በፊት የሚሳል የሐሳብ ካርታ

[ስክሪን፦ ባዶ ወረቀት። መሃሉ ላይ አንድ ቃል ይጻፋል፦ እምቦጭ]

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ «ስለ ጣና እምቦጭ ነው የምሠራው» ሲል አድቫይዘሩ ምን እንደሚመልስ ይታወቃል። «ሰፊ ነው፣ አጥብበው።» ልክ ነው። ግን በምን ይጠበባል? ብዙዎቻችን ያገኘነውን ፒዲኤፍ ሁሉ ማውረድ እንጀምራለን። ፎልደሩ ይሞላል፣ ጥያቄው ግን አሁንም የለም።

ዛሬ የማሳያችሁ ከዚያ በፊት የሚሠራውን ነው። አንድ ወረቀትና ሰማያዊ እስክሪብቶ ይበቃል።

ማይንድ ማፕ፣ ማለትም የሐሳብ ካርታ፣ አሠራሩ ቀላል ነው። ርዕሱ መሃል ላይ ይቀመጣል። ዋና ዋና ሐሳቦች ከሱ ዙሪያ እንደ ቅርንጫፍ ይወጣሉ፣ ከነሱም ሌሎች ቀጫጭኖች። በዚህ ስም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰፊው ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን ነው። ቡዛን በቀለምና በሥዕል እንዲደምቅ ይመክር ነበር። ለሪሰርች ግን ስለ ቀለሙ አትጨነቁ።

[ስክሪን፦ ከመሃሉ አምስት ቅርንጫፎች ይወጣሉ]

ወረቀቱን በአግድም አስቀምጡ። ስልኩን ገልብጡት። መጀመሪያ የሚጻፈው ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። በየቅርንጫፉ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቃል፣ ከዚያ አይለፍ።

የኛ ካርታ እንዲህ ወጣ። «መነሻ»፦ ደቡብ አሜሪካ፣ አማዞን። ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ.። «ምክንያት»፦ ማዳበሪያ፣ የአፈር መሸርሸር፣ የከተማ ፍሳሽ። «ጉዳት»፦ ዓሣ፣ ታንኳ፣ የከብት ግጦሽ። «ማስወገጃ»፦ የእጅ ነቀላ፣ ማሽን፣ እምቦጭ የሚበሉ ጢንዚዛዎች። «ጥቅም»፦ ኮምፖስት፣ ባዮጋዝ።

እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ቃል ጎን የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ቆይቶ ትፈልጉታላችሁ፣ አሁን አትቁሙ።

እስካሁን ያለው ዝርዝር ነው፣ ክብ ተደርጎ የተጻፈ ዝርዝር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ይነሳል። እኔ ግን ዋናው ሥራ ገና ነው እላለሁ።

[ስክሪን፦ በቅርንጫፎች መካከል የተቆራረጡ መስመሮች]

አሁን ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው መስመር ስቡ። «ይሄ ከዚያኛው ጋር ምን አገናኘው?» እያላችሁ።

«የእጅ ነቀላ» የሚለውን እንይ። እምቦጭ በዘርም ይራባል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ዘር» የሚል ቃል ይጨመርና ከ«ነቀላ» ወደሱ መስመር ይሳባል። መስመሩ ላይ ጥያቄ ይጻፋል፦ ከነቀላ በኋላ በስንት ጊዜ ይመለሳል? አያችሁ፣ አንድ የሪሰርች ጥያቄ ከዚህ ወጣ።

ሁለተኛው ከዚህም ይበልጣል። ርብና ጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ፎገራ የሩዝ አገር ነው። ማሳ ላይ ከተበተነው ማዳበሪያ የተወሰነው በጎርፍ ታጥቦ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ እምቦጩም ይመገበዋል። አሁን «ማስወገጃ» ወደሚለው ተመለሱ። በነቀላ ዘመቻ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን የሚጎትተው ማን ነው? ያው ገበሬው። አንድ ሰው ካርታው ላይ ሁለት ቦታ ተገኘ፣ በ«ምክንያት» በኩልም፣ በ«ማስወገጃ» በኩልም።

[ስክሪን፦ «ገበሬ» የሚለው ቃል በሁለቱም ቦታ ተጽፎ ይከበባል፣ መስመር ያገናኛቸዋል]

በዝርዝር ብንጽፈው ኖሮ ይሄ ይታየን ነበር? አይመስለኝም። አንዱ ገጽ 1 ላይ፣ ሌላው ገጽ 3 ላይ ይቀር ነበር። አሁን ግን ጥያቄው ራሱ መጣ፦ በፎገራ በነቀላ የሚሳተፉ የሩዝ ገበሬዎች ስለ ማዳበሪያና እምቦጭ ግንኙነት ምን ያውቃሉ? ቦታ አለው። የሚጠየቅ ሰው አለው። በአንድ ሴሚስተር ይሠራል።

ቀጥሎ መቁረጥ ነው። የመረጣችሁትን ክበቡ፣ ሌላውን በቀጭን መስመር ሰርዙ። ባዮጋዙ ያሳዝናል፣ ደስ የሚል ርዕስ ነው፤ ይሰረዝ። ግን እንዲነበብ ሆኖ ይሰረዝ፣ አድቫይዘሩ «ይሄንን አስበኸዋል?» ሲል የምታሳዩት እሱን ነው።

ፍለጋው አሁን ይጀመር። መፈለጊያ ቃላቶቻችሁ የተከበቡት ላይ አሉ፦ ፎገራ፣ ሩዝ፣ ማዳበሪያ፣ እምቦጭ። ሁለት ሁለቱን አጣምራችሁ ፈልጉ። የጥያቄ ምልክት ያለባቸውን አስቀድሙ።

በኮምፒውተር መሥራት ለሚመርጥ እንደ ፍሪማይንድ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። በነሱ ቅርንጫፍ ማዘዋወር ይቀላል። ለመጀመሪያው ረቂቅ ግን ወረቀት እመርጣለሁ፣ እጅ ፈጣን ነው።

[ስክሪን፦ ቀይ እስክሪብቶ ካርታው ላይ ሲጨምር]

ማንበብ ስትጀምሩ ካርታውን አትጣሉት። ከንባብ ያገኛችሁትን በቀይ ጨምሩ፣ የተሳሳተውንም በቀይ አርሙ። ፕሮፖዛል ስትጽፉ በሰማያዊ ያለው የራሳችሁ መነሻ ነው፣ በቀይ ያለው ደግሞ ምንጭ ሊጠቀስለት የሚገባ።