የታችኛው ክፍል ቁልፍ

የተከበራችሁ ቀጣሪዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

ተመርቄ የመጀመሪያውን የሥራ ፈተና የተፈተንኩት እዚሁ ጎንደር ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሊፍት የለም። ሁለት ክራንቼን ይዤ ደረጃው ሥር ቆምኩ። ጥበቃው፣ እግዜር ይስጠውና፣ ጎንበስ አለና «ና ላዝልህ» አለኝ። ሱፍ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ እንደ ሕፃን ታዝዬ ገባሁ። ተፈታኙ ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። የደከመው እሱ፣ ላብ ያጠመቀው ግን እኔን።

ፈተናውን አለፍኩ። አልቀጠሩኝም። «ደረጃው እንዳያስቸግርህ አዝነንልህ ነው» አሉኝ። ሐዘኔታቸው እንጀራዬን አሳጣኝ።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚደነግግ አዋጅ አለን፤ ቁጥሩ 568/2000 ነው። እዘኑ አይልም። የሥራ መሣሪያውን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን አመቻቹ ይላል። ካስፈለገም ረዳት መድቡ ይላል። የሕግ ሰዎች «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የሚሉት ይህንኑ ነው። ደግሞ ከአቅም በላይ አይጭንም፤ የድርጅቱ መጠንና ወጪው ይታያል። አንዲት ሱቅ ያለችውን ሰው ሊፍት አስገጥም የሚለው የለም።

ፒያሳ አካባቢ ያላችሁ «ሕንፃው የጣልያን ሥራ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ?» ትሉናላችሁ። እሺ። ጣልያን ጎንደርን የለቀቀው በ1934 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ደረጃዎችስ የማን ናቸው? የሕንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ያዛል። አንዳንዱ አዲስ ሕንፃ ራምፕ፣ ማለትም ያለ ደረጃ የሚያስገባ ተዳፋት፣ ሠርቶ አፉ ላይ ሞተር ያቆምበታል። ይሄ እንኳ የበጀት ጉዳይ አይደለም።

አሁን የምሠራበት ቤት ስገባ ሥራ አስኪያጇ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ምን ብናደርግ ይመችሃል?» እኔም ሒሳብ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ታች ቦታ ይኖራል ወይ አልኳት። ታች አንድ ክፍል ነበረ፤ የተሰበረ ወንበርና አሮጌ ፋይል የታጨቀበት። ቁልፉ ንብረት ክፍል ተገኘ። ግማሽ ቀን ተጠረገ። መጸዳጃ ቤት ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት ተመታልኝ። አለቀ። በኋላ ማየት የተሳነው ባልደረባ ሲመጣ፣ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን አንባቢ፣ የኮምፒውተሩን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበውን ፕሮግራም፣ በነጻ አውርደን ጫንለት። ድምፁ ይረብሻል ያለ ነበር። ማዳመጫ ገዛንለት።

እኛ ብዙ ዓይነት ነን። ለእኔ የተመቸው ለሌላው ላይመች ይችላል። ስለዚህ ሳትጠይቁን አትገምቱልን።

ከዚህ ወጥታችሁ ቢሮ ስትገቡ፣ እባካችሁ ታች ያለው ክፍል ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቁልኝ።

አመሰግናለሁ።