የማይቻል የሚመስል ፈጠራ ፓተንት ይገባዋል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት፦ «ይሄማ ሊሆን አይችልም» የምንለው ፈጠራ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ሊሰጠው ይችላል ወይ? ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ይችላል። ተሰጥቶም ያውቃል። የብሪታንያ የባቡር ድርጅት በ1973 የበራሪ ሳህን ፓተንት አግኝቷል። አዎ፣ የባቡር ድርጅት! በሌዘር በሚለኮስ የኑክሌር ውህደት፣ ማለትም የአቶም እምብርቶች ሲዋሃዱ በሚወጣ ኃይል፣ የሚንቀሳቀስ መንኮራኩር ነው ሰነዱ ላይ የተገለጸው። እንዲህ ያለ ሞተር ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። ኋላ ላይ የፓተንቱ ማደሻ ክፍያ ሳይከፈል ቀረና መብቱ ወደቀ።

እንዴት ተሰጠ? የፓተንት መርማሪ ቤተ ሙከራ የለውም። ፊቱ ያለው ወረቀት ነው። ሐሳቡ አዲስ ነው? ለሙያው ሰው በቀላሉ የሚታሰብ አይደለም? አንብቦ መሥራት እስኪቻል ድረስ ተብራርቷል? እነዚህን ይመዝናል እንጂ ማሽኑን አስነስቶ አያይም። ስለዚህ ፓተንት ሌሎች እንዳይሠሩትና እንዳይሸጡት የመከልከል መብት ነው፤ «ይህ ነገር ይሠራል» የሚል ምስክር ወረቀት አይደለም። ይህን የማያውቁ ሰዎች የፓተንት ቁጥር ብቻ አይተው ገንዘባቸውን ሲሰጡ ማሰብ በእውነት ያሳዝነኛል።

በሩ ግን ለሁሉም ክፍት አይደለም። ያለ ነዳጅ ለዘላለም የሚዞር ማሽን የሚባለውን ውሰዱ። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ገና በ1775 እንዲህ ያለ ማመልከቻ ከእንግዲህ አልመረምርም ብሏል። የአሜሪካው ቢሮ ደግሞ ከአመልካች የሚሠራ ሞዴል እምብዛም አይጠይቅም፤ ለዚህ ማሽን ሲሆን ግን ይጠይቃል። ጆሴፍ ኒውማን የተባለ ሰው ከሚቀበለው በላይ ኃይል የሚያወጣ ማሽን ሠራሁ ብሎ በ1979 አመለከተ። ተከለከለ፣ ከሰሰ። ማሽኑ በ1986 በመንግሥቱ የመለኪያ ተቋም ሲፈተሽ የሚያወጣው ከሚገባበት ያነሰ ሆነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1989 ክልከላውን አጸና። እኔ ይህን ፍርድ የምወደው «ፊዚክስ አይፈቅድም» ብሎ በሩን ስላልዘጋበት ነው። ማሽኑ መጣ፣ ተለካ፣ ከዚያ ተፈረደ።

አሁን ደግሞ የፊዚክስ ሊቁን ሊዮ ዚላርድን አስቡ። በ1933 ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ራዘርፎርድ፣ ከአቶም ለውጥ የኃይል ምንጭ እናገኛለን ማለት ቅዠት ነው የሚል ንግግር አደረገ። ዚላርድ ግን ሎንዶን ሆኖ አንድ ነገር ታየው፦ አንድ ኒውትሮን (በአቶም እምብርት ውስጥ የምትገኝ ቅንጣት) ውጦ ሁለት የሚተፋ ንጥረ ነገር ቢገኝ ምላሹ ራሱን እያባዛ ይቀጥላል። በ1934 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ አላወቀም! ያ ንጥረ ነገር ዩራኒየም ነበር፤ የዩራኒየም አቶም እንደሚሰነጠቅ የታወቀው ግን በ1938 መጨረሻ ነው። ፓተንቱን በ1936 ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል አስረክቦ በምስጢር አስያዘው፤ ይህ ራሱን የሚያባዛ ሰንሰለታዊ ምላሽ በሰው እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቺካጎ ላይ የተሳካው ዲሴምበር 1942 ነው።

ታዲያ በኒውማንና በዚላርድ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም በዘመናቸው «አይሆንም» ተብለዋል። የዚላርድ ሐሳብ ግን ከታወቀ ሕግ ጋር አልተጋጨም፤ ገና ያልተገኘ ነገር ነው የጎደለው፣ ያም ነገር ተፈልጎ ሊፈተሽ የሚችል ነበር። የኒውማን ማሽን ኃይል ከምንም አይፈጠርም ከሚለው ሕግ ጋር ፊት ለፊት ተላተመ። በአሜሪካው አሠራር መርማሪው መጀመሪያ የጥርጣሬውን ምክንያት ማቅረብ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ማስረጃ የማምጣቱ ሸክም ወደ አመልካቹ የሚዞረው። ይህ ቅደም ተከተል ልክ ይመስለኛል፤ ዚላርድን የመሰለ ሰው በንቀት እንዳይመለስ ይጠብቀዋል።

ቢሆንም መርማሪዎች እዚህ ላይ ጥብቅ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። ፓተንት ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ 20 ዓመት ይቆያል። የማይሠራ ነገር ሰፊ መብት ተሰጥቶት ከተቀመጠ፣ ሳያርስ መሬት አጥሮ እንደያዘ ሰው ነው። ከ10 ዓመት በኋላ እውነተኛውን መንገድ ያገኘችው ተመራማሪ መጥታ የምታገኘው አጥሩን ነው፤ ፓተንቱ እንዲሰረዝ ልትከራከር ትችላለች፣ ግን ለቤተ ሙከራዋ ያሰበችው ገንዘብና ጊዜ ለጠበቃ ይሄዳል።