ሮዝ ቀለም ያለው ቅጽ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

የዘንድሮ መወያያችን የጋና ምርጫ ነው፤ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ2022 መጨረሻ የጋና የዋጋ ግሽበት 54.1 በመቶ ደርሶ፣ መንግሥት አብዛኛውን የውጭ ዕዳ መክፈል አቆመ። የአገር ውስጥ ቦንዱንም በአነስተኛ ወለድና በረዘመ ጊዜ ልለውጥ አለ። ጥሪታቸውን በቦንድ ያስቀመጡ ጡረተኞች በገንዘብ ሚኒስቴር ደጃፍ ተሰለፉ፤ የቀድሞዋ ዋና ዳኛ ሶፊያ አኩፎም አብረዋቸው ቆሙ። (እኛም ዕዳችንን የምናሸጋሽገው ጋና ባለፈችበት በዚያው የቡድን 20 ማዕቀፍ ነውና ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።)

በዚህ ምሬት ላይ ዲሴምበር 7 ቀን 2024 ድምፅ ተሰጠ። የገዥው ፓርቲ ዕጩ የነበሩት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ባውሚያ በማግስቱ፣ የምርጫ ኮሚሽኑ ውጤቱን ሳያውጅ፣ በተቃዋሚው ዕጩ በጆን ማሃማ መሸነፋቸውን አመኑ። ጨዋነታቸው ይመሰገናል። ነገር ግን የተናገሩት ፓርቲያቸው ራሱ የደመረውን ይዘው ነው።

ድምሩ የሚገኘው እንዲህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት ድምፁ እዚያው ምርጫ ጣቢያው ላይ በዕጩዎች ወኪሎች ፊት ይቆጠራል፤ አስመራጩና ወኪሎቹ በውጤት ቅጹ ላይ ይፈርማሉ፤ ውጤቱ እዚያው ይነገራል፤ የጣቢያዎች ውጤት ወደሚደመርበት ማጠቃለያ ማዕከል የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጹን በቀለሙ «ፒንክ ሺት» ይሉታል፤ ወኪሎችም ቅጂ ይይዛሉ። ፊርማ ከጎደለ፣ ወይም በሳጥኑ የተገኘው ድምፅ በጣት አሻራ ከተለዩት መራጮች ከበለጠ፣ ክርክሩ ይጀመራል። የ2012ቱ ምርጫ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውስጥ ስምንት ወር የከረመው በዚሁ ዓይነት ቅጾች ነው።

በ2024 ግን ሥርዓቱ የላላው ጣቢያው ላይ ሳይሆን ማጠቃለያ ማዕከሉ ላይ ነበር። ደጋፊዎች ማዕከላትን ወረሩ፤ የአንዳንድ የፓርላማ ወንበሮች ድምር ተቋረጠ። በአብሌኩማ ሰሜን የምርጫ ክልል ስካን የተደረጉ ቅጾች በአስመራጮቹ አልተረጋገጡም ተብሎ፣ ወንበሩ ለወራት ባዶ ሆኖ፣ በጁላይ 2025 በ19 ጣቢያዎች ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። በዚያም ቀን ሰዎች ተደበደቡ።

ስለዚህ ታዛቢዎቻችን ቆጠራው እንዳለቀ ወደ ቤት መሄድ የለባቸውም። ቅጹ ሳይንቀሳቀስ ፎቶ ይነሣ፤ የተለዩ መራጮች፣ በሳጥን የተገኙና የተበላሹ ወረቀቶች ቁጥር ይመሳከር፤ ከዚያ አንድ ሰው ቅጹን ተከትሎ እስከ ማጠቃለያ ማዕከሉ ይሂድ፣ ድምሩ እስኪዘጋም አይነሣ። የሌሊት ፈረቃውን ማን እንደሚሸፍን ከሰዓት በኋላ እንወስናለን።

ጉባኤው ተከፍቷል።