ጅቡቲ ከበሩ በየት በኩል ናት?

እንደምን አደራችሁ፤ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ በር ነው። የጅቡቲ መስመር ተሳቢ ቀን ከሌሊት በሚያልፍበት በቃሊቲ፣ የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ የሆነው ባብ ኤል መንደብ ሲነሳ ሁሉም «ዕቃችን የሚያልፍበት» ይላል። ግማሹ እውነት ነው።

ካርታውን እዩት። በዚህ በኩል ጅቡቲና ኤርትራ፣ ማዶ የመን። አፍሪካና እስያ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ይህ ውሃ ስፋቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ቢሾፍቱ እንደ መድረስ በሉት። ፔሪም የምትባል ደሴት ደግሞ ለሁለት ትከፍለዋለች። በየመን በኩል የሚቀረው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በእኛ በኩል ያለው ሰፊም ጥልቅም ነው፤ 300 ሜትር ይደርሳል። ስሙ በአረብኛ «የለቅሶ በር» ማለት ነው። ለምን እንደተባለ ተረቱ ብዙ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን።

አሁን የጅቡቲን ወደብ ፈልጉ። ከበሩ ውጭ ናት! ያለችው በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው። ከቻይናና ከህንድ የሚመጣ ዕቃ በሩን ሳይረግጥ ይደርሳል። በሩን የሚያቋርጠው በስዊዝ በኩል ከአውሮፓና ከጥቁር ባሕር የሚመጣው ነው። አሰብና ምጽዋ ግን ከበሩ ወዲያ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ናቸው። እኔ ራሴ ይህን ለዓመታት አምታትቼ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ያረመኝ አንድ ሾፌር ወላጅ ነው፤ «ቲቸር፣ ከህንድ የመጣ መርከብ እዚያ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?» አለኝ። አፈርኩ።

በ2016 ዓ.ም. ሁቲዎች የሚባሉት የየመን ታጣቂዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ፣ ብዙ መርከቦች ስዊዝን ትተው ደቡብ አፍሪካን ዞሩ። ከአውሮፓ ለሚመጣው የሳምንታት መንገድ ተጨመረበት።

ለእኔ ግን ከመርከቡ ይልቅ ውሃው ይገርመኛል። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የለውም ማለት ይቻላል። ፀሐዩ ደግሞ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውሃ ያተንበታል። የጎደለውን የሚሞላው በዚህ በር ከኤደን የሚገባው ውሃ ነው። ጨው የበዛበት ከባዱ ውሃ ከሥር በዚያው ይወጣል።

በሩ ቢዘጋስ? መልሱ ይኸው፣ በእጄ ነው። ትናንት ገበያ የገዛሁት አሞሌ ነው። ቀኝና ግራው በመጥረቢያ የተጠረበ፣ ጥጉ ጭቃ የነካው። የመጣው ከአፋር፣ ከዳሎል አካባቢ ነው። ድሮ የቀይ ባሕር ውሃ እስከዚያ ይገባ ነበር። መሬቱ ከፍ ብሎ መግቢያውን ሲዘጋው ውሃው ተነነ፤ ጨው ብቻ ቀረ። ቦታው ዛሬ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል።

አሞሌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጅቡቲ ከበሩ በየት በኩል እንዳለች ካርታው ላይ ያሳየኝ አንድ ስባሪ ይወስዳል። ጭቃ ያለበትን ጥግ ግን እንዳትልሱት።