ከስትሮክ በኋላ ስላለው ኑሮ ማን ይመልስ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ከድሬዳዋ ሆኜ የማወራችሁ ስትሮክ ይዟቸው ስለተረፉ ሰዎች ኑሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ የባርተል መለኪያ የሚባል ቅጽ አለ። መብላት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት መቆጣጠር፣ ደረጃ መውጣት የመሳሰሉ አሥር ነገሮችን ያያል፤ ጣሪያው 100 ነው። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ የሆኑት አጎቴ 100 ያገኛሉ። ቃል ግን ይጠፋባቸዋል። ሊናገሩት ያሰቡት አፋቸው ላይ ደርሶ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ከድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር መቀመጥ ትተዋል። ቅጹ ስለ ንግግር አንድም ጥያቄ የለውም፤ ስለ ጓደኛም፣ ስለ ኀዘንም እንዲሁ። የተሠራው ሰው ራሱን ምን ያህል እንደሚረዳ ለማየት ስለሆነ አልወቅሰውም። የሚያንገበግበኝ 100 አይተን «ድነዋል» ማለታችን ነው። ከስትሮክ ከተረፉት ሲሶ ያህሉን ድባቴ ያገኛቸዋል እኮ!

ለስትሮክ ተብሎ የተዘጋጀ፣ 49 ጥያቄዎችን በ12 ዘርፎች የያዘ የኑሮ ጥራት መጠይቅም አለ። ቋንቋን፣ ስሜትን፣ ድካምን፣ በቤተሰብና በማኅበር ውስጥ ያለን ድርሻ ይጠይቃል። ግን መላሹ ማን ነው? እኛ ዘንድ ታማሚ ብቻውን ሐኪም ፊት አይቀርብም፤ በዚህም እኮራለሁ። ሐኪሙ «አባባ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» ሲል ግን አስታማሚው ይቀድማል። በጥናት ደጋግሞ እንደታየው አስታማሚ ብዙውን ጊዜ ታማሚው ለራሱ ከሚሰጠው ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጣል። መራመድና መልበስ በዓይን ስለሚታዩ ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ ወደ ስሜት ሲመጣ ይሰፋል። የደከመ አስታማሚ የራሱን ድካም በታማሚው ፊት ላይ ያነባል ብዬ አምናለሁ።

መናገር የሚቸግራቸው ደግሞ ጭራሽ ሳይጠየቁ ይቀራሉ። ለእነርሱም እኮ መልሱን በጣት እየጠቆሙ የሚመልሱት፣ 39 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ተዘጋጅቷል።

አጎቴን ራሳቸውን ጠየቅሁ፤ እስኪመልሱም ጠበቅሁ። ከሁሉ በላይ የከበዳቸው ለቅሶ ቤት ገብተው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት አለመቻላቸው ነው። ቤተሰቡ ሁሉ የሚጨነቀው ለቀኝ እጃቸው ነበር። አሁን ከእጅ እንቅስቃሴው ጋር ይህችን ሐረግ እየከፋፈልን እንለማመዳለን። የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ ቅጹን ስትሞሉ ወንበራችሁን ወደ ታማሚው አዙሩ፤ እኛን አስታማሚዎችን ዝም በሉ ብትሉን አንቀየምም።